በዓባይ ማዶ የነበረ የመቃብር ሠራተኞች ማኅበር

ስለ ጥንታዊት ግብፅ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የነገሥታቱ ስምና የመቃብራቸው ወርቅ ነው። ዓለቱን ስለ ፈለፈሉት፣ ግድግዳውን ስለ ለሰኑትና ሥዕሉን ስለ ሣሉት ሰዎች ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናወሳ የፈለግነው ከሉክሶር ከተማ ማዶ፣ ከዓባይ በስተ ምዕራብ፣ ዛሬ ዴር ኤል መዲና በሚባለው ስፍራ ከ400 ዓመት በላይ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የኖረውን የሠራተኞች ማኅበር ነው።

ሠራተኞቹ እንደ መርከበኞች በቀኝና በግራ ወገን ተከፍለው ነበር። እያንዳንዱ ወገን አለቃና ምክትል ሲኖረው፣ ጸሓፊው ደግሞ የሥራውን ቀን፣ የወጣውን የመብራት ክርና የቀረውን ሰው ይመዘግብ ነበር። የመዳብ መሮ የመንግሥት ንብረት ስለ ነበረ ተመዝኖ ተሰጥቶ ተመዝኖ ይመለሳል። ስምንት ቀን ከሠሩ በኋላ ሁለት ቀን ያርፋሉ፤ በሥራው ቀን ወደ ቤታቸው ሳይወርዱ በተራራው ላይ በሠሯቸው የድንጋይ ጎጆዎች ያድራሉ።

ከጸሓፊዎቹ መዝገብ አንዱ፣ በዳግማዊ ራምሴስ በ40ኛው ዓመተ መንግሥት በኖራ ድንጋይ ስባሪ ላይ የተጻፈው፣ ዛሬ በሎንዶን በብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል። በ280 ቀናት ውስጥ ማን ከሥራ እንደ ቀረና ስለ ምን እንደ ቀረ ይዘረዝራል። አንዱ ዓይኑን ታመመ፤ ሌላው ጊንጥ ነደፈው፤ ሌላው እናቱን ለመቅበር ሄደ፤ ሌላውም ጠላ ሲጠምቅ ዋለ። ጠላ መጥመቅ በቂ ምክንያት ሆኖ መመዝገቡ ዛሬ የመሥሪያ ቤት መዝገብ የሚይዘውን ሰው ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም። ነገር ግን በዚያ መንደር ሥራውና ኑሮው እንዳልተለያየ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ አናገኝም።

ክርክርም ሲነሣ በመጀመሪያ የሚዳኙት ራሳቸው የመንደሩ ሰዎች ነበሩ። ሆኖም አለቃ ሁሉ መልካም አልነበረም። ፓኔብ የተባለው አለቃ ሠራተኞቹን ለራሱ መቃብር ሥራ አሰማርቷል፣ ከንጉሥ መቃብርም ዕቃ ሰርቋል ተብሎ ተከሷል፤ ክሱ የተጻፈበት ፓፒሩስ እስከ ዛሬ አለ። ክሱን ያቀረበው የራሱ የማኅበሩ ሰው መሆኑን ልብ እንላለን።

ደመወዛቸው እህል ነበር፤ ተራው ሠራተኛ በወር 4 ኻር ስንዴና 1 ኻር ተኩል ገብስ ይቀበላል፤ አንዱ ኻር 77 ሊትር ያህል ነው። በበረሓ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች የሚያርሱት መሬት ስላልነበራቸው እህሉ ከዘገየ ረኃብ ይገባል። በሣልሳዊ ራምሴስ በ29ኛው ዓመተ መንግሥት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1157 ዓመት ገደማ፣ የሆነው ይኸው ነው። ከወሩ 18 ቀን ቢያልፍም ቀለቡ ሳይመጣ ስለ ቀረ ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን ጥለው፣ የጥበቃውን ኬላ አልፈው በአንድ ቤተ መቅደስ ኋላ ተቀመጡ። ሹማምንቱ መጥተው ቢምሉላቸውም አልተመለሱም። ረኃብና ጥማት እንዳመጣቸው፣ ልብስ፣ ቅባት፣ ዓሣና አትክልት እንዳጡ ተናገሩ፤ ነገሩም ለንጉሡ እንዲጻፍላቸው ጠየቁ። በኋላ ያለፈው ወር ቀለብ ተሰጣቸው። ይሁን እንጂ ችግሩ ስላልተወገደ ሥራ ማቆሙ ተደጋገመ፤ ቶ የተባለው ዋና ሹም ጎተራው ራሱ ባዶ መሆኑን ገልጾ የተገኘውን ላከላቸው፤ የደረሳቸውም ግማሹ ቀለብ ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ የምናውቀው በመንደሩ ጸሓፊ በአሜንናኽት እጅ እንደ ተጻፈ በሚታመነውና በቱሪን ከተማ በሚገኘው ፓፒሩስ ነው። ሠራተኞቹ ተለያይተው ሳይሆን ቀኙም ግራውም አብረው መውጣታቸው ከረጅም ዘመን ጉርብትናና ከጋራ ሥራ የመጣ ይመስለናል፤ የአለቃ ትእዛዝ ብቻውን ይህን ያህል አያስተባብርም።

በሃያኛው ሥርወ መንግሥት መጨረሻ ከሊቢያ ወገን የሚመጡ ወራሪዎች አገሩን ሲያውኩ መንደርተኞቹ ቤታቸውን ትተው ወደ መዲነት ሐቡ ቅጥር ገቡ። የተዉትን መንደር ፈረንሳዊው ቤርናር ብሩየር እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1922 ጀምሮ እስከ 1951 ቆፈረው፤ ከመንደሩ አጠገብ በነበረው ታላቅ ጉድጓድም በሺህ የሚቆጠሩ የተጻፈባቸው የድንጋይና የሸክላ ስባሪዎች ተገኙ።