ሚድዌይ
በሰሜን ፓስፊክ፣ ከሆኖሉሉ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚገኙ ዝቅተኛ የኮራል ደሴቶች፤ በዓለም ትልቁ የአልባትሮስ መራቢያ። በታኅሣሥ ወር ገደማ በጎ ፈቃደኞች ደሴቶቹን በእግር እያሰሱ ጎጆዎችን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። የወፎቹን ዕድሜ ለመከታተል ግን ዋናው መሣሪያ በእግራቸው ላይ የሚታሰረው ባለቁጥር ቀለበት ነው። ለዚህ ከዊዝደም የበለጠ ምስክር የለም። ለዚህች የላይሳን አልባትሮስ እ.ኤ.አ. በ1956 ቀለበት ያሰረላት አሜሪካዊው የወፍ ተመራማሪ ቻንድለር ሮቢንስ ነው፤ በ2002 ራሱ መልሶ አገኛት። በ1956 ጎጆ ላይ ስለነበረች፣ ዝርያውም ከ5 ዓመት ዕድሜ በፊት ስለማይራባ፣ በ2024 መጨረሻ እንቁላል ስትጥል ዕድሜዋ ከ70 በላይ ነበር፤ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ለደሴቶቹ አልባትሮሶች ግን፣ ወላጆች ከባሕር ለቅመው ለጫጩቶቻቸው የሚያጎርሱት ፕላስቲክ ዛሬም ከባድ ስጋት ነው።