መፋም፦ የአምፕሊፋየር ቲዩብ ከልክ በላይ ሲግል

መፋም (ፋመ፣ ይፍማል)፦ የኃይል ቲዩብ ከሚችለው በላይ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲያልፍበት፣ ፕሌት የሚባለው የብረት ክፍሉ ግሎ እንደ ፍም መቅላቱ። እንግሊዝኛው «ሬድ ፕሌቲንግ» ይለዋል።

ብዙ ሰው «ቲዩቡ ቀላ» ይላል። አነጋገሩ አያስቀይምም፤ ጤናማውን ከታመመው ግን አይለይም። ማንኛውም ደህና ቲዩብ ሲሠራ ቀላ ያለ ብርሃን አለው። መሐሉ ላይ ያለው የማሞቂያ ክር፣ በተለመዱት የጊታር ቲዩቦች በ6.3 ቮልት፣ ሞቆ ብርቱካንማ ብርሃን ይሰጣል። ይህ መብራት ነው። መፋም የሚታየው ክሩን ከብቦ በቆመው ግራጫ ወይም ጥቁር ብረት ላይ ነው። ጅማሬው አንድ ጎን ላይ የሚታይ ደብዛዛ ቀይ ነው፤ ከዚያ እንደ ተያያዘ ከሰል እየሰፋ ብረቱን ሁሉ ያዳርሳል። ስለዚህ ሁለቱን በሁለት ቃል እንለያቸው፦ ክሩ በራ፤ ፕሌቱ ፋመ። በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ አንዳንዴ የሚታየው ሰማያዊ ወገግታም በአብዛኛው ጉዳት የለውም። አናቱ ላይ ያለው እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ቅብ ነጭ ከሆነ ግን አየር ገብቶበታል፤ ያ ቲዩብ ሞቷል።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጦር ኃይሎች የሚለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስም ራሱ ዘመናዊ ሙዚቃችን ያደገበትን ቤት ያስታውሳል፤ ክብር ዘበኛ፣ ምድር ጦርና ፖሊስ ሠራዊት የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። ጥላሁን ገሠሠም ማሕሙድ አሕመድም ከክብር ዘበኛ ጋር ዘፍነዋል። በኋላም የአይቤክስና የሮሃ ባንዶች ጊታሪስት ሰላም ስዩም የኤሌክትሪክ ጊታርን በአማርኛ ዘፈን ውስጥ ቦታ ካስያዙት አንዱ ሆነ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. በዓለም ገበያ ላይ የነበሩት ትልልቅ የጊታር አምፕሊፋየሮች በአብዛኛው በቲዩብ የሚሠሩ ነበሩ። ዛሬም ጊታሪስቶች ያንን ወፍራምና ሞቅ ያለ ድምፅ ፍለጋ ወደ ቲዩብ ይመለሳሉ፤ ከውጭ በዘመድ እጅ የሚመጣ አሮጌ ፌንደር ወይም ማርሻል ላገኘው ሰው ትልቅ ሀብት ነው።

ቲዩብ ለምን ይፍማል? በቲዩቡ ውስጥ ካቶድ የሚባለው ክፍል ሲሞቅ ኤሌክትሮን ይለቃል። ፕሌቱ ላይ ያለው ከ400 እስከ 500 የሚደርስ ፖዘቲቭ ቮልት ኤሌክትሮኑን ይስበዋል። በመካከላቸው ግሪድ የተባለ ቀጭን የሽቦ ጥምጥም አለ። ግሪዱ ኔጋቲቭ ቮልት ስለተሰጠው ፍሰቱን ይገታል፤ ይህ የመግቻ ቮልት ባያስ ይባላል። ባያሱ ከቀነሰ ወይም ጨርሶ ከጠፋ ፍሰቱ ያለ ልክ ይለቀቃል። ኤሌክትሮኑ ፕሌቱን እየመታ ያግለዋል፤ ብረቱም ይፍማል። በዚህ ሁኔታ ከቆየ በደቂቃዎች ውስጥ ቲዩቡ ያልቃል። ፊውዙ በጊዜው ካልተቃጠለ ደግሞ ጉዳቱ ከቲዩቡ በጣም ወደሚወደደው ወደ ትራንስፎርመሩ ሊሻገር ይችላል።

ባያስ የሚጠፋባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ባያሱን የሚያዘጋጀው ክፍል ላይ ያለ ካፓሲተር በዕድሜ ብዛት ይደርቃል። ከፊተኛው ቲዩብ ድምፁን የሚያሳልፈው ካፓሲተር ያፈሳል፤ ያን ጊዜ ማለፍ የሌለበት ፖዘቲቭ ቮልት ግሪዱ ላይ ይደርሳል። የቲዩቡ መቀመጫ ላላ ወይም ስታኞው ተላቀቀ ማለትም ያው ነው፤ በኢኤል 34 እና በ6ኤል6 ቲዩቦች የግሪዱ እግር 5ኛው ስለሆነ መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው። አዲስ ቲዩብ ተገዝቶ ባያሱ ሳይስተካከል ሲገባም ይህ ይደርሳል። ቲዩቡ ራሱ ውስጡ ተነካክቶ ሊሆንም ይችላል።

በአዲስ አበባ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ከዚያ የመጣ አምፕሊፋየር ቮልት በሚቀንስ ትራንስፎርመር በኩል ካልሆነ ከግድግዳው ሶኬት ጋር መገናኘት የለበትም። የመስመሩ ቮልት ከፍ ሲል የፕሌቱም ቮልት አብሮ ከፍ ይላል፤ ድሮውንም ጫፍ ላይ የተስተካከለ ቲዩብ ያን ጊዜ ይፍማል። ስለዚህ ደህና ስታቢላይዘር ቲዩብ ያድናል።

ሲፍም ካያችሁ ወዲያው አጥፉ። «ይህን ዘፈን ልጨርስ» አይባልም። ከቀዘቀዘ በኋላ የሁለቱን የኃይል ቲዩቦች ቦታ አቀያይሩና መብራት በደበዘዘበት ክፍል እያያችሁ አብሩት። የፋመው ያው ቲዩብ ከሆነ በሽታው ከቲዩቡ ነው። ቲዩቡ ተቀይሮም የሚፍመው ያው መቀመጫ ላይ ያለው ከሆነ በሽታው ከመቀመጫው ወይም ከሰርኪዩቱ ነው። ሁለቱም አብረው ከፋሙ ባያሱን የሚሰጠው ክፍል ይጠረጠራል። በየትኛውም ሙከራ ቅላቱ እንደታየ አምፕሊፋየሩን አጥፉት። ስፒከር ሳይያያዝ ደግሞ የቲዩብ አምፕሊፋየር ፈጽሞ አይከፈትም።

ከዚህ ያለፈው የባለሙያ ሥራ ነው። ካፓሲተሮቹ ከሶኬት ከተነቀሉም በኋላ ሰው የሚገድል ቮልት ይዘው ይቆያሉ። ባለሙያው መጀመሪያ ያንን ያራግፋል፤ ቀጥሎ በቴስተር ይለካል። ሂሳቡን ማወቅ ግን ለሁሉም ይጠቅማል። ኢኤል 34 የሚችለው 25 ዋት ነው። በተለመደው አሠራር፣ ድምፅ በሌለበት ጊዜ ከዚህ ከ70 በመቶ በላይ አይጫንበትም፤ ይህም 17.5 ዋት ይሆናል። ፕሌቱ 450 ቮልት ካለው፣ 17.5 ለ450 ሲካፈል 39 ሚሊአምፒር ገደማ ይመጣል። ልኬቱ 60 ወይም 70 ካሳየ የመፋሙ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው።

የእነዚህ ቲዩቦች ፋብሪካዎች ዛሬ ጥቂት ናቸው፤ በዋናነት ሩሲያ፣ ስሎቫኪያና ቻይና ውስጥ ይገኛሉ። እዚህ ደርሶ ኪስ የሚጎዳ ዕቃ በመሆኑ በከንቱ ማቃጠል አይገባም። አምፕሊፋየሩን ወደ ጥገና ቤት ስትወስዱ «ተበላሸ» ብላችሁ አትስጡ። «በስተግራ ያለው ቲዩብ ከተከፈተ ጥቂት ቆይቶ ፋመ፤ ቦታ ስናቀያይር የፋመው ያው መቀመጫ ላይ ያለው ነው» በሉ። ባለሙያው ፍለጋውን ከትክክለኛው ቦታ ይጀምራል፤ እናንተም ያለጥፋቱ ለሚቀየር ቲዩብ ገንዘብ አታወጡም።