ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሸራ መርከብ

የድሮ ሸራ መርከብን መልክ አሳንሶ የያዘ፣ ክፍሎቹ ተነጣጥለው በሳጥን የሚሸጡ፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው ሞዴል። የእንግሊዙ ኤርፊክስ ኩባንያ በ1952 (እ.ኤ.አ.) በዉልዎርዝ መደብሮች የሸጠው «ጎልደን ሃይንድ» ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ ፍራንሲስ ድሬክ ከ1577 እስከ 1580 ዓለምን የዞረባት መርከብ አምሳያ ነው።

የጀማሪ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው መድፍ በበዛበት ግዙፍ መርከብ ላይ ነው፤ ተጀምረው አቧራ የሚለብሱትም አብዛኛውን ጊዜ እነዚሁ ናቸው። ገመዱ ጥቂት የሆነ ትንሽ መርከብ ይሻላል። ስኬሉም ይታይ፦ የሬቭል ኩባንያ ትልቁ «ካቲ ሳርክ» 1፡96 ስለሆነ፣ በ1869 የተሠራችው መርከብ 65 ሜትር ገደማ የሚረዝም አካል ወደ 67 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህም ሰፊ ጠረጴዛና ብዙ ወራት ይጠይቃል።

ሙጫው የሞዴሉን ፕላስቲክ (ፖሊስታይሪን) አሟሙቶ ስለሚያዋህድ ቀለም በተቀባ ፊት ላይ በደንብ አይይዝም፤ መጋጠሚያው አስቀድሞ ይፋቃል። ቀለም ከገመድ ሥራ ይቀድማል። ክሩ ጸጉሩ እንዲተኛ በንብ ሰም ይታሻል። መጀመሪያ ምሰሶ ደጋፊዎቹ፣ ቀጥሎ ሸራ ጎታቾቹ ገመዶች ይታሰራሉ። ውጥረቱ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ ነው፤ አለዚያ ቀጭኑ የፕላስቲክ ምሰሶ ክሩ ወደ ከረረበት ጎን ይጎብጣል።