ከደላንታ ሜዳ እስከ ቦሌ፤ የሐራጅ ጌጥ ታሪክ

የጋብቻ ቃል ኪዳን በቀለበት መታሰሩ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በተክሊል ሥርዓት ሙሽሮች ከሚቀበሏቸው የተባረኩ ምልክቶች አንዱ ቀለበት ነው። ለመተጫጨቱ ግን የቆየው ልማድ ሽማግሌ መላክ፣ ቀጥሎም በጥሎሽ ዕለት የሙሽራይቱን ልብስና ጌጥ በዘመድ አዝማድ ፊት መዘርጋት ነበር፤ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ዛሬም ይኸው ይደረጋል። አልማዝ የተሰካበት የእጮኝነት ቀለበት በከተሜው ዘንድ የተለመደው በቅርብ ዘመን ነው። ይሁን እንጂ ከቦሌ መንገድ ተነሥቶ እስከ ገርጂና እስከ ሲኤምሲ በተስፋፋው የምሥራቅ አዲስ አበባ ክፍል፣ «ቀለበት አሰረች» የሚለውን ቃል የሰማ ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ነጭ ድንጋይ የሚያበራበትን ቀለበት ሆኗል።

እንዲህ ያለው ቀለበት፣ በተለይም አሮጌው፣ ወደ ገዢው እጅ ከሚደርስባቸው መንገዶች አንዱ ሐራጅ ነው። ሐራጅ ሲባል ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቀድሞ ትዝ የሚለው ባንክ በመያዣ የያዘው ቤት ወይም ጉምሩክ የወረሰው ዕቃ በማስታወቂያ ተነግሮ የሚሸጥበት ሥርዓት ነው። በውጭ አገር ግን የጌጣጌጥ ሐራጅ ራሱን የቻለ የቆየ ንግድ ሲሆን፣ በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ሆኑ ከዚሁ ሆነው በስልክና በኮምፒዩተር የሚጫረቱ ሰዎች ሊገቡበት የሚችሉት ገበያ ነው። አሮጌ ቀለበት በሐራጅ ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ አዲሱ በመደብር ከሚያወጣው ዋጋ በታች ስለሚገኝ ፈላጊው ጥቂት አይደለም። የዚህም ገበያ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሩቅ ወሬ ሊሆን አይገባም፤ በዓለም ከታወቁት የጌጥና የቅርስ ሐራጆች አንዱ የተካሄደው በወሎ ምድር ነውና።

የሐራጁ አሠራርና የድንጋዩ ዕድሜ

ከታወቁት አጫራች ቤቶች መካከል ሶዝቢስ እ.ኤ.አ. በ1744፣ ክሪስቲስ በ1766 በለንደን ተመሠረቱ። የአሠራራቸው መሠረት እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ሻጩ ዕቃውን ያስረክባል፤ የቤቱ ባለሙያ መርምሮ ግምት ያወጣለታል፤ ዝርዝሩ ከነሥዕሉ ይታተማል፤ ዕቃው ለሕዝብ ይታያል፤ በቀጠሮው ቀን ተጫራቾች ዋጋ ይጠራሉ፤ መዶሻው ሲመታ ሽያጩ ይጸናል። ሻጩ በምስጢር ያስመዘገበው ዝቅተኛ ዋጋ ኖሮ ጨረታው እዚያ ሳይደርስ ከቀረ፣ ዕቃው ሳይሸጥ ይመለሳል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ገዢው ሁለት ነገሮችን ሊያውቅ ይገባዋል። አንደኛ፣ መዶሻው የመታበት ዋጋ የመጨረሻው ሒሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 ሁለቱ ቤቶች በለንደን ከገዢው ላይ ተጨማሪ ክፍያ በመቶኛ መጠየቅ ጀመሩ፤ ልማዱም ወደ ሌሎቹ ተዛመተ። በዚህ ላይ የማጓጓዣና የመድን ወጪ፣ ዕቃው ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነም በቦሌ ጉምሩክ የሚጠየቀው ቀረጥ ይታከላል። ሁለተኛ፣ ዕቃው በአብዛኛው የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ ነው። የተሰነጠቀ ድንጋይ ወይም ተበይዶ የተጠገነ ቀለበት ሆኖ ቢገኝ ጉዳቱ የገዢው ነው። ስለዚህ አስተዋይ ተጫራች ስለ ዕቃው ሁኔታ በጽሑፍ መግለጫ ሳይጠይቅ፣ ከቻለም በዓይኑ ሳያይ ዋጋ አይጠራም።

የአልማዙም ታሪክ መታወቅ አለበት። በአውሮፓ መኳንንት ዘንድ ለእጮኛ የአልማዝ ቀለበት ስለ መስጠት ዘወትር የሚጠቀሰው ምሳሌ የኦስትሪያው ማክሲሚሊያን እ.ኤ.አ. በ1477 ለቡርገንዲዋ ማሪያ የሰጠው ነው። ድንጋዩ ለብዙ ዘመን ከሕንድ፣ ከ18ኛው መቶ ዓመት ወዲህም ከብራዚል በጥቂቱ ብቻ ይገኝ ስለ ነበር የነገሥታትና የባለጸጎች ጌጥ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1867 በደቡብ አፍሪካ አልማዝ ተገኘ፤ በ1871 የኪምበርሊ ቁፋሮ ተጀመረ፤ በ1888 የደ ቢርስ ኩባንያ ተቋቁሞ የዓለምን ምርት አብዛኛውን ክፍል በእጁ አደረገ። ይኸው ኩባንያ በአሜሪካ ባካሄደው ማስታወቂያ፣ ይልቁንም እ.ኤ.አ. በ1947 አልማዝን ከዘላለማዊነት ጋር ባስተሳሰረው መፈክር፣ የአልማዝ ቀለበት የመተጫጨት ግዴታ እስኪመስል ድረስ ተስፋፋ።

የድንጋዩ አቆራረጥ ዕድሜውን ይናገራል። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት በእጅ የተቀረጹት አልማዞች ዙሪያቸው ወደ አራት ማዕዘን ያደላ፣ አናታቸው ጠባብና ከፍ ያለ፣ የታችኛው ጫፋቸውም ጠፍጣፋ ሆኖ የተቆረጠ ነው። የተሠሩትም ለሻማ ብርሃን ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 መሐንዲሱ ማርሴል ቶልኮቭስኪ ብርሃን በአልማዝ ውስጥ የሚሰበርበትንና የሚንጸባረቅበትን መንገድ በሒሳብ ቀምሮ፣ ለዘመናዊው ክብ አቆራረጥ መሠረት የሆነውን ምጥጥን በመጽሐፍ አወጣ። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በፊት ተሠራ በተባለ ቀለበት ላይ ይህን ምጥጥን የተከተለ ድንጋይ ቢገኝ ኋላ የተተካ ለመሆኑ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ሰው ሠራሽ አልማዝ ከተሠራ ወዲህ ደግሞ ጥርጣሬው በላቦራቶሪ ካልሆነ በቀር በዓይን ብቻ አይፈታም። ወርቁንም በተመለከተ፣ በእንግሊዝ አገር በተሠራ ጌጥ ላይ የንጥረቱን መጠን፣ የመረመረውን ከተማና የዓመቱን ፊደል የሚያሳይ ማኅተም ብዙውን ጊዜ ይገኛል።

እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ቀለበቱ ምን እንደ ሆነ ይነግራሉ። የማን እንደ ነበረና ከባለቤቱ እጅ እንዴት እንደ ወጣ ግን አይነግሩም። ሐራጅ ይህን ጥያቄ እንዴት ሊሸፍነው እንደሚችል ኢትዮጵያ በ1860 ዓ.ም. አየች።

የደላንታው ሐራጅ

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። ወታደሩ የንጉሠ ነገሥቱን ግምጃ ቤትና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን በዘበዘ። ከዘውድ፣ ከጽዋ፣ ከመስቀልና ከብራና መጽሐፍ መካከል ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከጎንደር አድባራት ወደ አምባው ያሰባሰቧቸው ይገኙ ነበር። በኋላም ከወታደሩ እጅ የተሰበሰበው ምርኮ በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ፣ የበሽሎን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደ። በዚያም ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን ለሁለት ቀን ሐራጅ ተጠራበት።

ሥነ ሥርዓቱ ከሌላው ሐራጅ የሚያንስ አልነበረም። ዕቃው ቀረበ፤ መኮንኖች ተጫረቱ፤ ዋጋው ተመዘገበ፤ 5,000 ፓውንድ ያህል ተሰበሰበና ለወታደሩ ተከፋፈለ፤ የእያንዳንዱም ድርሻ አራት ብር ያህል ሆነ። ከዋናዎቹ ተጫራቾች አንዱ ከጦሩ ጋር የተላከው የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆምስ ነበር። ከሻጭ እስከ ገዢ የጎደለ ፎርማሊቲ አልነበረም፤ የጎደለው የባለቤቱ ፈቃድ ብቻ ነበር። በጠዋት ምርኮ የነበረው ዕቃ ማታ «የተገዛ ንብረት» የሚል ስም ይዞ አደረ። ከዚያ ወዲያ ልጅ ከአባቱ ሲወርሰው፣ ሙዚየም ከወራሽ ሲገዛው፣ ሁሉም በየተራው ሕጋዊ ወረቀት ያዘ። የመጀመሪያው ወረቀት ግን የተጻፈው በደላንታ ሜዳ ነው።

ይህን በዘመኑ ያልተቀበሉ እንግሊዛውያንም ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን እ.ኤ.አ. በ1871 በፓርላማ ዕቃዎቹ ከኢትዮጵያ መወሰዳቸው እንዳሳዘናቸው ተናግረዋል።

ጌጡና የጠፋው ስም

የባለቤትነት ታሪክ ሲጎድል ምን እንደሚጠፋ የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ጌጥ ጥሩ ማስረጃ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በዚያው ዓመት በመንገድ ላይ አረፉ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተ። የእቴጌይቱ ቀሚስና የብር ጌጣጌጥ ለንደን በሚገኘው፣ ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት በሚባለው ሙዚየም ተቀመጠ። በእንግሊዝ መዝገብ የሰፈረው የባለቤቲቱ ስም ግን «ጥሩነሽ» የሚል ነው። ብሩ በሚዛን አልጎደለም፤ ስሙ ግን ተለወጠ።

የኲርዓተ ርእሱ ሥዕል ታሪክ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥትንና ይህን ሥዕል ጠየቁ። የክብረ ነገሥቱ አንድ ቅጂ ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን ሊገኝ አልቻለም የሚል መልስ መጣ። ሥዕሉ የነበረው በዚያን ጊዜ በዊንዘር የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በነበረው በሆምስ እጅ ነበር። እርሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1917 በክሪስቲስ ሐራጅ ተሸጠ፤ ቆይቶም ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ። ነገሥታት ሲሳሉሙት የኖረ ሥዕል በተራ ቁጥር ተጠርቶ መዶሻ ተመታበት።

በቦሌ የገቡት

የተመለሰ አልጠፋም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ እንግሊዝን ሲጎበኙ ከአፄ ቴዎድሮስ ዘውዶች አንዱ ለንግሥት ዘውዲቱ እንዲመለስ ተሰጠ። በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሣቤጥ 2ኛ አዲስ አበባን ሲጎበኙ የንጉሠ ነገሥቱን ቆብና ማኅተም ይዘው መጡ። ያን ጊዜ የልደታው ማረፊያ ለጄት አውሮፕላን ስላልበቃ የተሠራው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ ነበር። በየካቲት 1994 ዓ.ም. በኤዲንብራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተገኘው የመቅደላ ታቦት ሲመለስ፣ ካህናቱና እጅግ ብዙ ሕዝብ የተቀበሉት በዚያው በቦሌ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ወደ አጫራች ቤቶች በር ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ አንድ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት በክሪስቲስ ሊሸጥ ተዘጋጅቶ ሳለ የባለቤትነት ጥያቄ ስለ ተነሣበት ከጨረታው ወጣ። በ2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዶርሴት ሊሸጡ የነበሩ የመቅደላ ዕቃዎች የኢትዮጵያ ኤምባሲ ባቀረበው ጥያቄ ከሐራጅ ወጡ፤ ሼሄራዛድ የተባለ ድርጅት ገዝቶ አስረከበና በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኒውካስል ለጨረታ የቀረበ የመቅደላ ጋሻ እንዲሁ ከሽያጭ ወጥቶ፣ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። በሦስቱም ጊዜ መዶሻውን ያቆመው አንድ ቀላል ጥያቄ ነው፤ «ይህ ዕቃ ከባለቤቱ እጅ እንዴት ወጣ?»

ለገዢው የሚተርፈው

ይህ ጥያቄ ለዘውድና ለታቦት ብቻ የሚቀርብ አይደለም። በለንደን ወይም በጄኔቫ የሚሸጥ አሮጌ የእጮኝነት ቀለበትም የአንዲት ሴት ጣት ታሪክ አለው፤ በውርስ፣ በችግር ወይም በስርቆት ሊሸጥ ይችላል። ከጦር ቀጠና የሚወጣውን አልማዝ ለመከልከል እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ ላይ የዋለው የኪምበርሊ የምስክር ወረቀት የሚመለከተው ያልተቆረጠውን ድንጋይ ብቻ ስለ ሆነ፣ በቀለበት ላይ ለተሰካ አሮጌ አልማዝ ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ገዢው የቀድሞ ባለቤቶችን ዝርዝር፣ የቀድሞ ሽያጭ ደረሰኝንና የላቦራቶሪ ምስክርን መጠየቅ፣ የተሰረቁ ዕቃዎች ከሚመዘገቡበት መዝገብ ጋር መመሳከሩንም ማረጋገጥ አለበት። ዕቃው የአገራችን ቅርስ ሆኖ ከተገኘም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተደነገገው የቅርስ ጥበቃ ሕግ መኖሩን ማስታወስ ይገባል።

በገዛ ቤታችንም የምናጠፋው አለ። የአያት የጥሎሽ ወርቅ ወደ ወርቅ ቤት ሲወሰድ በግራም ተመዝኖ፣ በካራት ተሰልቶ፣ ቀልጦ አዲስ ቀለበት ይወጣዋል። ወርቁ አይጎድልም፤ የአንጥረኛው እጅና የባለቤቲቱ ስም ግን አብሮ ይቀልጣል። ከመቅለጡ በፊት ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ክብደቱን፣ የተሠራበትን ዘመንና የሰጪውን ስም በአንድ ወረቀት መጻፍ ዋጋ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ደላንታ ዛሬ በሌላ ነገር ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል «የወሎ ኦፓል» ተብሎ የዓለም የጌጥ ገበያ ገብቷል። ከዚያ አካባቢ የሚወጣው ድንጋይ ነገ በባሕር ማዶ አሮጌ ጌጥ ሆኖ ሐራጅ የሚጠራበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ ከየትኛው ጉድጓድ እንደ ወጣ፣ ማን እንደ ቆረጠውና በስንት ዋጋ እንደ ተሸጠ የሚናገር መዝገብ ይኖር ወይም አይኖር እንደ ሆነ የሚወስነው የዛሬው ሥራ ነው። በማዕድኑ፣ በልኬቱና በምርመራው የተሰማሩ ባለሙያዎች ይህን መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ቢይዙ፣ ከደላንታ ለሁለተኛ ጊዜ የሚወጣው ሀብት የመጀመሪያው የጎደለውን ወረቀት ይዞ ይወጣል።