ባሌ ላይ በረዶ ተጭኖ ሳለ እነማን ነበሩ?

ቱሉ ዲምቱ አናት ላይ፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ላይ ቆማችኋል እንበል። ከሥራችሁ የሳነቴ ሜዳ ተዘርግቷል። ሌሊት ውርጩ መሬቱን ያነጣዋል፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል። ከርሞ የሚቆይ በረዶ የለም። ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመታት በፊት ብትመጡ ኖሮ ግን ከ250 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን የባሌ ተራሮች ክፍል በረዶ ለብሶ ታገኙት ነበር።

እንዴት ታወቀ? በረዶ እኮ ይቀልጣል፤ ሥራው ግን አይቀልጥም። ግግር በረዶ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም፤ በገዛ ክብደቱ ቀስ እያለ ቁልቁል ይንሸራተታል። ከሥሩ ድንጋይ ይዞ ስለሚሄድ አለቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ወንዝ የቆረጠው ሸለቆ ብዙ ጊዜ የተገለበጠ «ለ» ይመስላል፤ በረዶ የፋቀው ደግሞ «ሀ»። ሸለቆው ራስጌ ላይ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይቦረቡረዋል። ጋርባ ጉራቻ የሚባለው የባሌ ሐይቅ የተኛው እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እየገፋ ያመጣውን ድንጋይና አፈር ደግሞ ጫፉ ላይ ከምሮ ይተወዋል። ይህ ክምር ሞሬይን ይባላል።

ከባዱ ዕድሜውን ማወቅ ነው። ኢንጂነር ስለሆንኩ ይሆናል፣ እኔ ከሁሉ የምወደው ይሄን ነው። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ገላጣ ድንጋይ ሲመታ ክሎሪን 36 የሚባል አቶም ይፈጠራል። ስለዚህ በረዶው ያመጣው ቋጥኝ ክምሩ ላይ ተራግፎ ከቀረበት ጊዜ ጀምሮ እንደ ሰዓት ይቆጥራል ማለት ነው። የተጠራቀመውን ለክታችሁ በየዓመቱ ለሚፈጠረው ታካፍላላችሁ። (ክሎሪን 36 ራሱም ቀስ በቀስ ስለሚመናመን እውነተኛው ሒሳብ ትንሽ ይረዝማል።)

ውጤቱ ያስገርማል። በዓለም ላይ በረዶ ከሁሉ በላይ የተስፋፋው ከ21 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው ይባላል፤ ባሌ ግን ቀድማ ነበር። የአካባቢውን የአየር ንብረት ከሌላው ዓለም በመገልበጥ ብቻ መገመት እንደማይቻል ቋጥኞቹ ይነግሩናል።

ደግሞም በረዶው ብቻውን አልነበረም። ፊንጫ ሀበራ በተባለ የዋሻ መጠለያ፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት ሰዎች ይመላለሱ ነበር። ዘመኑን ከላይኛው ጋር አስተያዩት፤ ይደራረባል። ለመሣሪያ የሚሆን ባልጩት ለማምጣት በረዶው አጠገብ፣ 4,200 ሜትር ገደማ ድረስ ይወጡ ነበር። ምግባቸውስ? ዛሬ ቀይ ቀበሮ ሳነቴ ላይ የሚያድነው ያው ግዙፍ ፍልፈል፣ በእሳት ተጠብሶ።