የሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር የሥራ ዘመንና የጋፋት ሙያ ቤት

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት አድርጎ ወደ ወሎ የሚሻገር መንገደኛ የጉናን ተራራ በስተቀኙ ትቶ፣ ነፋስ መውጫን አልፎ፣ ግራና ቀኙ ገደል ከሆነው ከጨጨሆ መተላለፊያ ይደርሳል። ከጉና ወዲያ በስተደቡብ እስቴና ስማዳ ተዘርግተው ይገኛሉ። ዛሬ የወረታና የወልድያ አውራ ጎዳና በዚሁ መሥመር ያልፋል። በ1860 ዓ.ም. ግን በዚህ አገር የእግርና የጭነት ከብት መንገድ እንጂ መንኰራኵር የሚያልፍበት አልነበረም። በዚያ ዓመት መስከረም 30 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴቫስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጐተቱ፣ መንገዱንም እያስቈፈሩ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ተጓዙ። ከሠራዊቱ ጋር ከተጓዙት አውሮፓውያን ሙያተኞች መካከል ከሃያ ዓመት በፊት ሠዓሊ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ዛንደር ይገኝ ነበር።

ዛንደር እ.ኤ.አ. በ1813 በጀርመን አገር በአንሐልት ግዛት ተወለደ። በወጣትነቱ የሥዕል ሙያ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1847 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ከእርሱ አስቀድሞ ከገባው ከዕፀዋት ሊቁ ከሺምፐር ጋር ተባበረ። ያ ዘመን በአውሮፓ ለመልክዓ ምድር ሠዓሊ የተመቸ ነበር። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አሎይስ ሴኔፌልደር በባቫርያ የፈለሰፈው ሊቶግራፊ፣ ማለትም በተስተካከለ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታም ቀለም ስሎ የማተም ጥበብ፣ አንዱን ሥዕል በብዙ ቅጂ ለማባዛት አስችሎ ነበርና ነው። በዚሁ ጥበብ የሠራውን የዮሐን ማርቲን በርናትስን ታሪክ ከዛንደር ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በርናትስ እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 የእንግሊዝን መልእክተኛ ሻለቃ ሐሪስን ተከትሎ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አደባባይ መጥቶ፣ የደናክልን ቆላና የሸዋን ደጋ ስሎ ተመለሰ። ሥዕሎቹም እ.ኤ.አ. በ1852 በሊቶግራፍ ታትመው በመጽሐፍ ወጡ። ሁለት ዓመት ብቻ የቈየው ሰው ሥራ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ሲዳረስ፣ ሃያ ዓመት የኖረው የዛንደር ስም ግን ከጥቂት ተመራማሪዎች በቀር የሚያነሣው የለም።

ይህ ልዩነት የችሎታ ብቻ አይደለም። በርናትስ ሥዕሉን ይዞ ማተሚያ ወዳለበት አገር ተመለሰ፤ ዛንደር ግን ማተሚያ በሌለበት አገር ቀረ። በምጽዋ የመጀመሪያው ማተሚያ የቆመው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። ከዚህም በላይ የአገሩ የሥዕል ትምህርት የቅዱሳንን መልክ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳና በብራና ላይ የመሣል ትምህርት ስለ ነበር፣ ተራራንና ወንዝን ብቻ ለሚሥል ሰው ሥራ የሚሰጥ አልነበረም። ስለዚህ የዛንደር ሙያ የተመራው ጌቶቹ በሚፈልጉት እንጂ እርሱ በተማረው አልነበረም።

የመጀመሪያው ጌታው የስሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ውቤ በደረስጌ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ የሁለቱ ጀርመናውያን የሺምፐርና የዛንደር እጅ በሥራው ነበረበት። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤ በደረስጌ ድል ሆነው ሲያዙ፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ደጃዝማች ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ሠዓሊውም ለአዲሱ ንጉሥ አገልጋይ ሆነ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከባዕድ አገር ሰው የሚሹት ከሁሉ በፊት የእጅ ሙያ ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ኮረብታ ላይ ያሰፈሯቸው፣ በባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የተላኩ ሰዎች፣ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ እንጂ መድፍ የመሥራት ዕውቀት የነበራቸው አልነበሩም። አናውቅም ቢሉም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም፤ ሞክረው፣ ምድጃው ደጋግሞ ከሽፎባቸው፣ በመጨረሻ ተሳካላቸው። በጋፋት ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ሙያ እንዲማሩ ተመድበው ነበር። ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጋፋት በአገሪቱ የዘመናዊ ሙያ ትምህርት ጅማሬ ተብሎ ሊጠራ ይችላል፤ ነገር ግን ትምህርቱ የተመሠረተው በአንድ ንጉሥ ፈቃድ ላይ፣ ለአንድ ጉዳይ ማለትም ለጦር መሣሪያ ነበር። ንጉሡ በ1858 ዓ.ም. ተጨማሪ ሙያተኞች እንዲያመጣ ፍላድን ወደ እንግሊዝ ቢልኩም፣ ከእንግሊዝ የተነሡት ሰዎች ከምጽዋ አልፈው ሳይገቡ ተመለሱ።

በዚያው አውራጃ የነበረውን ሌላውን ትምህርት ቤት ማስታወስ ይገባል። የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቦታ ናት። ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ከሩቅ አገር መጥቶ በመምህሩ ፊት ያስመሰክራል፤ የተመሰከረለትም ሌላውን ያስተምራል። መሳፍንት ሲለዋወጡ፣ ሠራዊት በአጠገቧ ሲያልፍ የመምህራኑ ሐረግ አልተቋረጠም። ቤተ ልሔም ያላት ማረጋገጫና ተተኪ መምህር ለጋፋት አልነበረውም። ሆኖም ጋፋትን በዚህ ብቻ መውቀስ ፍርድን ያጐድላል፤ አንደኛው የብዙ መቶ ዓመታት ልምድ ሲኖረው ለሁለተኛው የተሰጠው ዕድሜ ከዐሥር ዓመት ብዙም አይበልጥም።

ጕዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ከጨጨሆ ወደ ወድላ፣ ከዚያም የጅጣን ገደል ወርዶ ደላንታን፣ በኋላም በሽሎን ለመሻገር፣ ዐለቱ በባሩድ እየተሰነጠቀ፣ ንጉሡም በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገዱ ተጠረገ። የጋፋት ሙያተኞች የመንገድ ሥራ ኃላፊዎች ሆኑ። በሌላ ጊዜ ሠዓሊ ተቀምጦ የሚሥለው ያ ገደል፣ ያን ጊዜ የሚፈነቀል ዐለት ብቻ ነበር።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ አውሮፓውያኑም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። በጋፋት የሠለጠኑት ወጣቶች የሚሠሩበት ቤትና የሚያሠራቸው መንግሥት አጡ። ዛንደር በዚያው እ.ኤ.አ. በ1868 ሞተ። ከኢትዮጵያዊት ሚስቱ የወለዳት ልጁ ካታሪና ከመድፍ ሠሪዎቹ አንዱ የነበረውን የፖላንዱን ተወላጅ ሞሪትዝ ሆልን አግብታ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ያፋ ሄዶ ተቀመጠ። በመቅደላ ሰሞን የተወለደችው ልጃቸው ማግዳሌና ተባለች፤ በፊልም ተዋናይነቱ የታወቀው ፒተር ዩስቲኖቭ የእርሷ የልጅ ልጅ ነው። ሴቫስቶፖል ግን ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ።