የመቅደላ መንገድ ጠራጊዎች

የመቅደላ ታሪክ ሲነሣ ሴባስቶፖልና ሽጉጡ ይነሣሉ፤ ዶማውን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም በዚያ ዘመቻ ከተኩሱ ይልቅ ብዙ ጉልበት የበላው ቁፋሮው ነበረ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ በጋፋት የተሠራውን ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ በሠረገላ አስከትለው ነበር። የእግረኛና የበቅሎ መንገድ ይህን ሸክም አይችልም። ስለዚህ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት እየተቆፈረ ሄደ። ሠራዊቱ ከመሣሪያው ጋር መቆፈሪያ ተሸክሞ ገደል ናደ፣ ቋጥኝ ፈነቀለ። ንጉሡም ከሰዉ ጋር በገዛ እጃቸው ይሠሩ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ጉዞው ከአምስት ወር በላይ ፈጀ።

በነዚያው ወራት ሌላ መንገድ ከባሕር ወደ ደጋ ይጠረግ ነበር። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ወደ ሰንዓፌ የሚያወጣውን ሸለቆ የጠረጉለት ከሕንድ የመጡ የመሐንዲስ ወታደሮች ናቸው። ከባድ መድፎቹን 44 ዝሆኖች ተሸከሙ። ከጦሩ ጋር ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ ነበረ። ሌላው ድንጋይ ሲፈነቅል እርሱ ድንጋዩን ይመረምር፣ የአእዋፉንና የአራዊቱን ዓይነት ይመዘግብ ነበር፤ ያየውንም በ1870 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመ።

በመጨረሻ ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ። ዋድላንና ደላንታን የሚለየውን ጥልቅ ገደል እንግሊዞች የወረዱት ቴዎድሮስ ባስቆፈሩት መንገድ ነው። ያ ሁሉ ላብ ለጠላት እግር ምቹ ሆነ። ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሞቱ።

ከሒሳብ መዝገብ ጋር የምውል ሰው ነኝና ያልተመዘገበ ነገር ያሳስበኛል። ብላንፎርድ መጽሐፍ ነበረው፤ ዶማ የያዙት ግን አልነበራቸውም። እነርሱስ ምን አዩ? ቀን ሙሉ በአንድ ገደል አፍ ላይ የሚቆፍር ሰው፣ በፈረስ የሚያልፈው የማያየውን ያያል። ጭላዳ ሌሊቱን በገደል ጥግ አድሮ፣ ጧት ወደ ሜዳው ወጥቶ ሣር የሚግጥ የዚህ ደጋ ነዋሪ ነው። ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት፣ ጎፈሩን፣ ሲደነግጥ ወደ ገደሉ መውረዱን ለማወቅ ቁፋሮውን ለአፍታ አቁሞ ቀና ማለት ይበቃል።

ይህ ዕውቀት ከመቅደላም በፊት ነበረ። ጀርመናዊው ተጓዥ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. ይህን እንስሳ ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ የአገሬውን ስም ወሰደ። እስከ ዛሬ በዓለም መጻሕፍት የሚጠራው በዚያው ነው። እንስሳውን አይቶ ስም ያወጣለት ገበሬ፣ እረኛ ወይም መንገደኛ ግን የራሱ ስም የትም አልተጻፈም። መንገድ ጠራጊዎቹም እንዲሁ፤ ሌላው እንዲያልፍ ጠርገው ስማቸውን ሳይተዉ ሄዱ።